ከላሊበላ አክሱም በአየር ስንት ነው? ከጅማ ወደ ሰሜን ለምትበሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኅዳር ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። ለጽዮን አክሱም፣ ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር ለመሄድ ያሰበ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሁሉ ይደውላል። እኔ ደጋግሜ ወደዚያ ስለሄድኩ መንገዱን ያውቃል ብለው ነው። ጥያቄው በየዓመቱ አንድ ነው። ርቀቱ ስንት ነው? በረራው ስንት ደቂቃ ነው? ጠዋት ከጅማ ብነሳ ማታ እዚያ አድራለሁ? ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ርቀቶቹ በሙሉ ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት በቀጥታ መስመር የተለኩ ናቸው። አጠጋግቻቸዋለሁ። ለጉዞ ዕቅድ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ከላሊበላ ኤርፖርት እስከ አክሱም ኤርፖርት በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህን ራሳችሁ በወረቀት ማስላት ትችላላችሁ። ሁለቱ ኤርፖርቶች ከሞላ ጎደል አንዱ ከሌላው በስተሰሜን ናቸው። የላሊበላው 11.98 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው፣ የአክሱሙ 14.15 ላይ። ልዩነቱ 2.17 ዲግሪ ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስታባዙት 241 ይመጣል። አክሱም ትንሽ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። አለቀ።

በረራውስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ያዙ።

በሀገር ውስጥ መስመሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንሳፈረው ባለ ፕሮፔለሩን ኪው 400 ነው። ሰባ ምናምን ሰው ይይዛል። አየር ላይ ከተረጋጋ በኋላ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ከዚያም በላይ መሄድ ይችላል፣ ግን 600 ለሒሳብ ይመቻል። በሰዓት 600 ማለት በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ የማንኛውንም የሀገር ውስጥ በረራ ሰዓት ለመገመት እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ10 አካፍሉ፣ ከዚያ 20 ወይም 25 ደቂቃ ጨምሩ።

240 ለ10 ሲካፈል 24 ነው። 20 ሲጨመር 44 ደቂቃ። ከጅማ አዲስ አበባ ደግሞ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 26 እና 20፣ 46 ደቂቃ። ብዙ ጊዜ የተሳፈረ ጅማዬ ይህ ቁጥር ልክ መሆኑን ያውቀዋል።

ያቺ 20 ደቂቃ ከየት መጣች?

ይህ ጥያቄ ቢጠየቅ ደስ ይለኛል፣ የብዙ ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነውና።

አውሮፕላን በሩ ከተዘጋ በኋላ ወዲያው አይበርም። ሞተር ያስነሳል፣ በቀስታ እየተንቀሳቀሰ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይደርሳል፣ ፈቃድ ይጠብቃል። ከተነሳ በኋላም በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። ሽቅብ እየወጣ ስለሆነ አዝጋሚ ነው። ወደ መድረሻው ሲቃረብ ደግሞ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይወርዳል። ማኮብኮቢያውን ለማግኘት አንዳንዴ ዞሮ ይመጣል። ካረፈ በኋላ እንደገና በቀስታ ወደ ማቆሚያው ይሄዳል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ይህን ሁሉ ይጨምራል። ከቆመበት ተነስቶ እስከሚቆምበት ድረስ ያለው ጊዜ ነው።

ከላሊበላ አክሱም ባለ አጭር በረራ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። አውሮፕላኑ ወጥቶ ትንሽ ከመረጋጋቱ መውረድ ይጀምራል። ሻይ ሳትጨርሱ ቀበቶ እሰሩ ይባላል።

ኢንተርኔት ላይ 18 ደቂቃ የሚል አየሁ። ውሸት ነው?

ውሸት አይደለም፣ ግን ለእናንተ አይጠቅምም። የርቀት ማስያ ገጾች ኪሎ ሜትሩን ለትልቅ ጄት ፍጥነት ብቻ ያካፍሉታል። 240 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 800 ለሚሄድ ጄት ብታካፍሉት 18 ደቂቃ ይመጣል። መነሻም ማረፊያም የለውም። እንደዚህ ባለ አጭር መንገድ ላይ ጄት እንኳ ቢመደብ የሚያተርፋችሁ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው።

አንዱ ገጽ 240 ይላል፣ ሌላው 150፣ ሌላው 130። የትኛው ነው ትክክል?

ሦስቱም። 240ው ኪሎ ሜትር ነው። 150ው ማይል ነው። 130ው ደግሞ አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ተመልከቱ።

በመኪናስ?

በመኪና የሚነጻጸር ነገር አይደለም። በመካከል የዋግ ተራሮችና የተከዜ ሸለቆ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ መውጣት አለበት። ቢያንስ ሙሉ ቀን ነው፣ ብዙ ሰው አንድ ቦታ አድሮ ነው የሚሄደው።

የላሊበላ ኤርፖርት ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከኤርፖርቱ እስከ ከተማው በቀጥታ መስመር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ኤርፖርቱ ቆላው ሜዳ ላይ ነው፣ ከተማው ተራራው ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። መኪናው ሽቅብ ሲጠማዘዝ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ይወስድባችኋል። ጅማ ላይ ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ይዞ ኤርፖርት መድረስ የለመደ ሰው ይህን አይገምተውም።

ከላሊበላ አክሱም ቀጥታ በረራ አለ?

ድሮ ታሪካዊው መስመር የሚባል ነበር። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ እያረፈ ይዞር ነበር። ቱሪስቱም ምዕመኑም በዚያ ነበር የሚሄደው። የጊዜ ሰሌዳ ግን ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፤ የሰሜኑ መስመር ደግሞ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። በጦርነቱ ተቋርጦ የነበረው የመቀሌ በረራ የተመለሰው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። የአክሱም ኤርፖርት ጉዳት ደርሶበት ስለነበር በረራው የተመለሰው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። የላሊበላውም እንደ ጸጥታው ሁኔታ ቆሞ ያውቃል።

ስለዚህ ሁለቱን ቦታ በአንድ ጉዞ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ትኬት ስትቆርጡ መጀመሪያ ቀጥታውን ጠይቁ። ከሌለ ከላሊበላ ወደ ቦሌ ተመልሳችሁ እንደገና ወደ አክሱም ትበራላችሁ። 240 ኪሎ ሜትር የነበረው ከ900 በላይ ይሆናል ማለት ነው። ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁም በረራው መኖሩን እንደገና አረጋግጡ። ትኬት ኪሴ ውስጥ ነው ብላችሁ አትተኙ።

ከጅማ ወደ ሰሜን ቀጥታ መብረር ለምን አይቻልም?

አውሮፕላኑ መሄድ ስለማይችል አይደለም። ከጅማ አክሱም በቀጥታ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለኪው 400 ይህ ምንም አይደለም። ጉዳዩ ሰው ነው። ከጅማ አክሱም የሚሄድ ሰባ ሰው በየቀኑ ከየት ይመጣል? ለጽዮን ሰሞን ሊገኝ ይችላል። በሚያዝያ ተራ ማክሰኞ ላይ ግን አይገኝም። አየር መንገዱ ከጅማ፣ ከጋምቤላ፣ ከአሶሳ፣ ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን ሰው ቦሌ ላይ ሰብስቦ ወደ ሰሜን ይበትነዋል። እንዲህ ሲሆን አውሮፕላኑ ይሞላል፣ እኛም በየቀኑ በረራ እናገኛለን።

በአዲስ አበባ በኩል መዞሩ ስንት ኪሎ ሜትር ይጨምራል?

ሰው ሁሉ ብዙ ይመስለዋል፣ ግን ትንሽ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 260፣ ከአዲስ አበባ አክሱም 575፣ ድምሩ 835 ነው። ከቀጥታው የሚበልጠው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ሒሳብ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለላሊበላ ደግሞ ቀጥታው 535 ነው፣ በቦሌ በኩል 595 ይሆናል። ልዩነቱ 60 ብቻ። አዲስ አበባ ለኛ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ቀኑን የሚበላው ዙሩ ሳይሆን ቦሌ ላይ የምንቀመጠው ጊዜ ነው።

ታዲያ ከቤቴ ወጥቼ አክሱም ሆቴል እስክገባ ስንት ሰዓት ልያዝ?

እዚህ ላይ በዝርዝር ልሂድ፣ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ከቤት ኤርፖርት፣ 15 ደቂቃ። በረራው ከመነሳቱ ቀደም ብሎ መድረስ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከጅማ ቦሌ፣ 50 ደቂቃ። ቦሌ ላይ የሚቀጥለውን በረራ መጠበቅ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እንበል። ከቦሌ አክሱም፣ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ። ሻንጣ መቀበል፣ 20 ደቂቃ። ወደ ከተማ፣ 15 ደቂቃ፤ የአክሱም ኤርፖርት ለከተማው ቅርብ ነው።

ደምሩት። ሰባት ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ አውሮፕላን ላይ የምትሆኑት ሁለት ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። የቀረው መሬት ላይ ነው። "በረራው ስንት ደቂቃ ነው?" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጠየቅ ያለበት "ቦሌ ላይ ስንት ሰዓት እቀመጣለሁ?" የሚለውን ነው። ያንን ሰዓት የምትወስኑት ትኬት ስትቆርጡ እናንተው ናችሁ።

ይሁንና የቦሌውን ጊዜ በጣም አታሳጥሩት። እኔ ከሁለት ሰዓት በታች አልይዝም። የጅማው በረራ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ሁለተኛው አውሮፕላን አይጠብቃችሁም። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት ቁረጡ። ለየብቻ ከቆረጣችሁና የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁ፣ ሁለተኛው ትኬት የራሳችሁ ጣጣ ነው የሚሆነው። በአንድ ትኬት ሲሆን ግን ሻንጣችሁም ጅማ ላይ እስከ መጨረሻው መድረሻ ሊላክ ይችላል። ሚዛን ላይ ስታስቀምጡት ሠራተኛዋን ጠይቁ፣ የሚለጠፍበትን ወረቀትም አንብቡ። የአክሱም መለያ ኤ-ኤክስ-ዩ ነው፣ የላሊበላ ኤል-ኤል-አይ፣ የጎንደር ጂ-ዲ-ኪው፣ የመቀሌ ኤም-ኪው-ኤክስ።

ከአውቶቡስ ጋር ሲነጻጸር ዋጋ አለው?

እስከ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ እንደየኪሳችሁ ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት መግባት ይቻላል። ለአክሱም ግን ከአዲስ አበባ በኋላ ገና 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ለአራት ቀን ፈቃድ የወጣ ሠራተኛ በአውቶቡስ ቢሄድ መንገድ ላይ ነው ፈቃዱ የሚያልቀው።

ጎንደር፣ መቀሌና ባሕር ዳርስ?

ከቦሌ ጎንደር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት ከምናምን። ከቦሌ ባሕር ዳርና ከቦሌ ላሊበላ በሚገርም ሁኔታ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 335 አካባቢ፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ከቦሌ መቀሌ 505፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። እርስ በርሳቸው ደግሞ ጎንደርና ላሊበላ 180፣ ጎንደርና አክሱም 230 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ።

ነጃሺን ለመዘየር የሚፈልጉ ብዙ የጅማ ሰዎችም ይጠይቁኛል። ለእነሱ የሚቀርበው መቀሌ ነው። ከመቀሌ መስጊዱ እስካለበት እስከ ነጋሽ በአስፋልት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ውቅሮን አልፋችሁ። በአክሱም በኩል አትሂዱ፣ ይርቅባችኋል።

ትኬቱ ላይ 08:40 ይላል። የጠዋት ነው የከሰዓት?

የጠዋት። በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2፡40 ነው።

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። አክስቴ ለጽዮን አክሱም ሄዳ ስትመለስ የገጠማትን አልረሳውም። ትኬቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ በስልክ፣ ሥራ ላይ ሆኜ፣ በችኮላ። "ስምንት ከአርባ ነው" አልኳት። እሷም ስምንት ከአርባ ብላ ያዘች። ቅዳሴ አስቀደሰች፣ ምሳዋን በላች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተረጋግታ ኤርፖርት ደረሰች። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ አየና "እማማ፣ ይሄ እኮ ጠዋት ሄዷል" አላት። የጸበሏን ጠርሙስ በነጠላዋ ጠቅልላ እንደያዘች ደጅ ላይ ተቀመጠች። እንግዳ ከተማ ውስጥ አንድ ሌሊት ተጨማሪ አደረች፣ ትኬቱም በጭማሪ ነው የተቀየረው። እሷ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ጥፋቱ ግን የኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ትኬት ሳይ በእስክርቢቶ ትልቅ አድርጌ "ጠዋት 2፡40" ብዬ እጽፍበታለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው። ትኬት ላይ ካለው ቁጥር 6 ቀንሱ። 08:40 ጠዋት 2፡40 ይሆናል። 13:20 ከሰዓት 7፡20 ይሆናል። 19:00 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 19:00 ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ከ07:00 በታች ከሆነ 6 ጨምሩ፤ 05:30 ንጋት 11፡30 ነው። ለእናትና ለአባት ስትነግሩ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አትንገሯቸው፣ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" የሚለውን አስቀድሙ።

ቀኑንስ እንዴት ላመሳክር?

ትኬት ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። ኅዳር 21 ጽዮን ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 30 ላይ ይውላል። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19። ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች ግን በቀጣዩ ዓመት ጽዮን ዲሴምበር 1፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይሆናሉ። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ገና በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር በፈረንጁ ያው ጃንዋሪ 7 ነው።

በዓሉ ዋዜማ ላይ ለመድረስ አትሞክሩ። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የበዓል ሰሞን ቦታ ቶሎ ያልቃል፣ አንድ በረራ ከተሰረዘ ቀጣዩ ላይ ወንበር አይገኝም።

ዝናብ ሲሆን በረራው ይሰረዛል?

ዝናብ ብቻውን ብዙም አያስቆመውም። የሚያስቸግረው ዝቅ ያለ ደመናና ጭጋግ ነው፤ አብራሪው ማኮብኮቢያውን በጊዜ ማየት አለበት። ጅማ እንደምታውቁት በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት። በክረምት ጠዋት ተነስታችሁ የጅሬን ኮረብታ ካልታያችሁ፣ በረራው ሊዘገይ እንደሚችል ጠብቁና ለሁለተኛው በረራ ሰፊ ጊዜ ያዙ። የሰሜኑ ትልልቅ በዓላት ግን የሚውሉት ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ ሰማዩ በአብዛኛው ጥርት ያለ ነው።

ነፋስ የበረራ ሰዓቱን ያስረዝመዋል?

በአጭር በረራ ላይ እምብዛም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥማችሁ እንኳ ከላሊበላ አክሱም የሚጨምረው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ኤርፖርቶቹ ደጋ ላይ መሆናቸው ለውጥ ያመጣል?

ለአውሮፕላኑ ያመጣል። የአክሱም ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም፣ ሞተሩም የሚሠሩት በዚያ አየር ነው። ስለዚህ ለመነሳት ረጅም መንደርደር ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ሙቀት ሲጨመርበት አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። አንዳንዴ ጭነት የሚቀነሰው ለዚህ ነው፣ ሻንጣችሁን ጠልተው አይደለም።

እናቴ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ጆሮዋን ያማታል?

ሲነሳና ሲወርድ ሊደፈን ይችላል። ማስቲካ ወይም ከረሜላ ስጧት፣ ምራቋን ትዋጥ። ሲወርድ እንዳትተኛ ብቻ ቀስቅሷት፣ የሚብሰው ያኔ ነው። ጉንፋን ከያዛት ከመነሳቷ በፊት ሐኪም ብታማክሩ ይሻላል።

ቡናና ማር ይዤ ልሂድ?

ከጅማ ሄዶ ባዶ እጁን የሚገባ አለ እንዴ? ቡናው አያስቸግርም፣ በትኬታችሁ ላይ ከተጻፈው ኪሎ እንዳያልፍ ብቻ እዚሁ ቤት መዝኑት። ማሩን ግን በእጅ ሻንጣ አትያዙ። ፍተሻ ላይ ያስቆማችኋል። ክዳኑን በፕላስተር ዙሩት፣ በሁለት ፌስታል እሰሩት፣ ከልብስ መሀል አድርጋችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።

መስኮት ጋር ብቀመጥ በየት በኩል ይሻለኛል?

ከጅማ ስትነሱ በቀኝ። ሰማዩ ጥርት ካለ ገና ከተማውን እንደለቀቃችሁ የግልገል ግቤ ሐይቅ በርቀት ይታያል። በአውቶቡስ ስንሄድ አጠገቡ የምናልፈው ያ ውሃ ከላይ ሲታይ በየሸለቆው ጣቱን ያስገባ ይመስላል።

ከቦሌ አክሱም ደግሞ በግራ። ቦሌና አክሱም በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በረራው ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። ከተነሳችሁ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ውስጥ ወደ አባይ የሚወርዱትን ጥልቅ ሸለቆዎች ትሻገራላችሁ። አንድ ሰዓት ሲሞላ አካባቢ ወደ ግራ ተመልከቱ። ከአድማስ ጋር የተጋጠመው ጥርሳማ ሰንሰለት ስሜን ነው። ራስ ዳሽን እዚያ ነው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከሥራችሁ አረንጓዴ ውሃ ገደል ለገደል ተጠምዝዞ ይመጣል። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ነው። ግድቡ 188 ሜትር ይረዝማል፣ ከዚያ ከፍታ ግን የጥፍር ቁራጭ ያህል ነው የሚታየው። ከላሊበላ የምትነሱም ከሆነ ያው ግራ ነው፣ ከመንገዱ አጋማሽ ትንሽ አልፎ ታገኙታላችሁ።

ከአክሱም ስትመለሱ በቀኝ ተቀመጡ።